ሜዮን ሳያሸንፉ የሚነሳ ዋንጫ

ክሩን፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰው ተራ በተራ ምላሽ የጻፈበትን ክርክር፣ የከፈተው የጎልዌይ ደጋፊ ነው። ጎልዌይና ሜዮ አየርላንድ ውስጥ የሚጎራበቱ ሁለት ካውንቲዎች ናቸው። የ2025 የጌሊክ ፉትቦል የኮናክት ፍጻሜ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ጎልዌይ ካስልባር ድረስ ሄዶ ሜዮን በገዛ ሜዳው ሊገጥም ነው። ሰው ሁሉ ማን ተጎዳ፣ ማን ይሰለፋል እያለ ሲጨነቅ ይሄ ሰው የቆየ ነገር ቆሰቆሰ። ጎልዌይ በ1998 ያነሳው ዋንጫ ሙሉ መሆኑን፣ የ2001ዱ ግን ጎዶሎ መሆኑን ጻፈ። ምክንያቱን በሁለት መስመር ጨረሰው። በ1998 ጉዞው የተጀመረው ሜዮን እዚያው ካስልባር ላይ በማሸነፍ ነው። በ2001 ግን ጎልዌይ ከሜዮ ጋር ሳይገናኝ ነው ሻምፒዮን የሆነው። ጎረቤቱን ሳያሸንፍ የአየርላንድ ንጉሥ የሚባል ቡድን ምኑን ንጉሥ ሆነ ሲል ጠየቀ።

እኔ የምኖረው ጎልዌይ ነው፤ ጌሊክ ፉትቦልን የወደድኩትም እዚሁ ነው። የሁለቱን ካውንቲዎች ተረብ በሥራ ቦታም በመንገድም እሰማለሁ። እንዲህ ተዘርዝሮ ሳነበው ግን ከጨዋታው እኩል ያዘኝ።

ለአዲስ አንባቢ ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ። ጌሊክ ፉትቦል በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ በአንድ ቡድን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካለፈች አንድ ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በታች ገብታ መረብ ከነካች ጎል ነው፤ አንድ ጎል እንደ ሦስት ነጥብ ይቆጠራል። ውጤት ሲጻፍ ጎሉና ነጥቡ ለየብቻ ነው። 1-10 ማለት አንድ ጎልና አሥር ነጥብ፣ በድምሩ 13 ነው። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም። ሰኞ ጠዋት አስተማሪው ወደ ክፍሉ፣ ገበሬው ወደ ላሞቹ ይመለሳል። የተጫዋች ገበያ የሚባል ነገርም የለም፤ ሰው የሚሰለፈው በአብዛኛው ላደገበት ካውንቲ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ውድድር አለ። ጎልዌይና ሜዮ ያሉበት ክፍለ ሀገር ኮናክት ይባላል። ከዚያ በላይ መላው አየርላንድ የሚፋለምበት የሳም ማግዋየር ዋንጫ አለ። ጎልዌይ ይህን ዋንጫ 9 ጊዜ፣ ሜዮ 3 ጊዜ አንስተዋል። የሜዮ የመጨረሻው በ1951 ነው። ይህች ዓመት ከታች ደጋግማ ትመጣለች።

ምላሽ 1 ከቹአም ነው። ቹአም በሰሜን ጎልዌይ ያለች፣ ፉትቦል የሚተነፈስባት ከተማ ናት። ሰውየው በአንድ ቃል ተስማምቶ አለፈ። ምላሽ 2 የሜዮ ሰው ነው፤ በጣም ጨዋ። የጎልዌይ ሰው የዋንጫውን ክብደት በሜዮ እንደሚለካ ራሱ አምኖ ስለጻፈ አመሰገነ። እሁድ ጥሩ ጨዋታ እንዲሆን ተመኘና ወጣ። ምስጋናው ውስጥ መርፌ ነበረች። ብዙዎቹ የጎልዌይ ልጆች መርፌዋ የተሰማቻቸው ቆይቶ ነው።

ምላሽ 3 ታሪክ አራሚ ነው። እሱ እንዳስታወሰው በ2001 ኮናክት ላይ ጎልዌይን ያሸነፈው ሮስኮመን የተባለው ሌላው የኮናክት ካውንቲ ነው። በፍጻሜው ሜዮንም ያሸነፈው ያው ሮስኮመን ነው። በክፍለ ሀገር ውድድር ለተሸነፈ ቡድን ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው አሠራር የተጀመረው በዚያ ዓመት ነበር። ጎልዌይም በዚያ የጓሮ በር ገብቶ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በመንገዱ ላይ ሮስኮመንን እንደገና አግኝቶ አሸንፎታል። ስለዚህ ዕዳ ካለ ዕዳው የሮስኮመን ነበር፣ እሱም ተከፍሏል ነው ክርክሩ። ሜዮ መንገድ ላይ ያልተገኘው በራሱ ድክመት ስለሆነ ጎልዌይ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ምላሽ 4 ከዚህ ቀጠለ፣ ድምፁ ግን ትንሽ ሻከር ብሏል። ፓድሪክ ጆይስ በ2001ዱ ፍጻሜ ሚዝ በተባለው ካውንቲ ላይ 10 ነጥብ ብቻውን አስቆጥሯል። በ1998ቱ ፍጻሜም ጎል አግብቷል። አሁን ደግሞ የጎልዌይ አሠልጣኝ እሱው ነው። የክሩ ባለቤት ድፍረቱ ካለው ሄዶ ያንተ 10 ነጥብ ጎዶሎ ነበር ብሎ ለጆይስ ይንገረው የሚል ነበር መልእክቱ።

የክሩ ባለቤት በምላሽ 5 ተመለሰ፤ አላፈገፈገም። ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። የሚኖረው ድንበሩ ላይ ነው፣ ሽሩል ከምትባለው የሜዮ መንደር አጠገብ። ቤቱ ጎልዌይ ውስጥ ነው፤ ዳቦ የሚገዛበት ሱቅ ግን ሜዮ ውስጥ ነው። እንደ ኬሪና ደብሊን ያሉ የሩቅ ካውንቲዎችን ሰው በቴሌቪዥን እንደሚያየው፣ የሜዮን ሰው ግን ሰኞ ጠዋት ነዳጅ ሲቀዳ እንደሚያገኘው ጻፈ። ኬሪ ቢያሸንፈው ሐዘኑ እሁድ ማታ ያልቃል። ሜዮ ቢያሸንፈው ግን ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀብር ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ይከተለዋል። ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ግን አጥር ላይ ተደግፎ ይጠብቅሃል ነው ሐሳቡ። ከዚህ በኋላ የታሪክ አራሚው ክርክር ትክክል ሆኖ ሳለ ለእኔ ትንሽ መሰለኝ። ሰውየው ያነሳው ማን የተሻለ ቡድን እንደነበር ሳይሆን ከማን ጋር እንደሚኖር ነው።

ምላሽ 6 የጎልዌይ ሴት ናት፤ ያገባችው የሜዮ ሰው ነው። ልጆቹ ለማን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ እንዴት እንደተፈታ ተረከች። የመጀመሪያው ልጅ በእናቱ፣ ሁለተኛዋ በአባቷ ካውንቲ ማሊያ አደጉ። በፍጻሜው ሳምንት በረንዳው ላይ ሁለት ባንዲራ ይሰቀላል፤ ወይን ጠጁ የጎልዌይ፣ አረንጓዴና ቀዩ የሜዮ። አማቷ ሊጠይቁ ሲመጡ የትኛው ባንዲራ ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ አይተው ነው የሚገቡት። ይህን ተከትሎ ሦስት አራት ሰው የየቤቱን አወራ። አንዱ አባቱ በጨዋታ ሰሞን ከወንድማቸው ጋር ስልክ እንደማይደዋወሉ ጻፈ፤ ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈው ወገን ነው ቀድሞ የሚደውለው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አያውቅም፣ ሁለቱም ግን ያከብሩታል።

ምላሽ 10 አንድ አዛውንት ናቸው። በ1998 ካስልባር ነበሩ። ሜዮ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ በ1996 እና በ1997፣ እስከ መላው አየርላንድ ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። የዚያን ቀን ጎልዌይ ያሸንፋል ብሎ የገመተ ሰው ጥቂት እንደነበር አስታወሱ። ጎልዌይ ከ1966 ወዲህ ሳም ማግዋየርን አልነካም ነበር። ከጨዋታው በኋላ ደጋፊው መኪናውን ሳያስነሳ ቆሞ ያወራ እንደነበር፣ በዚያ ዓመት አንድ ነገር እንደሚመጣ ያን ጊዜ እንደተሰማቸው ጻፉ። ለ2001 ይህ ስሜት አልነበራቸውም። ከክሩ ባለቤት ጋር የቆሙት በዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ምላሽ 11 ግን አበላሸው።

የጎልዌይ ሰው ነው፤ የ1951ን እርግማን አነሳ። ታሪኩን ሰምታችሁ ከሆነ እለፉት። የሜዮ ቡድን በ1951 ዋንጫውን ይዞ ሲመለስ ፎክስፎርድ ላይ የቀብር ሥርዓት ይገጥመዋል። ተጫዋቾቹ በደስታ ሰክረው ሐዘንተኛውን ሳያከብሩ አለፉ ይባላል። ቄሱም ተቆጥተው የዚህ ቡድን ሰዎች በሙሉ ሞተው እስኪያልቁ ሜዮ ዋንጫ አያገኝም ብለው ረገሙ ይባላል። እውነት ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ሜዮ ግን ከ1989 እስከ 2021 ድረስ 11 ፍጻሜ ደርሶ 11ዱንም ተሸንፏል። የ1951ዱ ቡድን የመጨረሻው ተሰላፊ ፓዲ ፕረንደርጋስት በሴፕቴምበር 2021 አረፉ፤ ሜዮ በዚያ ዓመት ፍጻሜ በታይሮን ካውንቲ ከተሸነፈ ብዙም ሳይቆይ። ምላሽ 11 ይህን ይዞ ነው የተረበው። ሰውየው ሞተው ሰበብ እንኳ አለቀባችሁ ነው ያለው በአጭሩ።

ምላሽ 12 በቁጣ መጣ። ስለ እርግማኑ መቀለድ የተለመደ መሆኑን አልካደም፤ ሜዮዎች ራሳቸው ይቀልዱበታል። የከፋው በሰው ሞት መቀለዱ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚያ ቡድን ትዝታ ተሸክመው እንደኖሩ፣ በየፍጻሜው ዋዜማ ጋዜጠኛ ስለ እርግማኑ ሲጠይቃቸው በትዕግሥት እንደመለሱ አስታወሰ። እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ተረብ ሕይወት የሚሰጠው ተረቡ የተወረወረበት ሰው መልሶ መወርወር ሲችል ነው። የሞተ ሰው መልስ የለውም። ደስ ያለኝ ደግሞ ምላሽ 13 የጎልዌይ ሰው መሆኑ ነው። በራሱ ወገን ስም ይቅርታ ጠየቀ፤ ማስረዳት አልጨመረበትም።

ምላሽ 14 ከሜዮ የሆነች ሴት ናት። ከክሩ ሁሉ ጠንካራዋ ተከራካሪ እሷ ናት ብዬ አስባለሁ። ሜዮ ከ1951 ወዲህ አላሸነፈም የሚለውን ሁሉም ሰው እንደ እውነት ይዞ መሄዱ እንደሰለቻት ጻፈች። የሜዮ ሴቶች በ1999፣ በ2000፣ በ2002 እና በ2003 የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆነዋል። አራት ዋንጫ ነው። እሷ ልጅ ሆና ኮራ ስቶንተን ስትጫወት እያየች አድጋለች፤ በእሷ ዘንድ ሜዮ ማለት የሚያሸንፍ ካውንቲ ነበር። እርግማኑ ለሴቶቹ አልደረሳቸውም ወይስ ቄሱ ሴት ኳስ እንደምትጫወት አላወቁም ብላ ጠየቀች። በ2004 ተራው የጎልዌይ ሴቶች እንደነበር ራሷ ጨመረች፤ ሳይጠይቋት። ከእሷ በኋላ እርግማኑን ያነሳ ሰው የለም።

ምላሽ 15 ጨዋታውን ወደ ቦታው መለሰው። የሜዮ ሰው ነው። ሙሉ የተባለውንም ጎዶሎ የተባለውንም ዋንጫ ጎልዌይን ያሠለጠነው ማን ነው ሲል ጠየቀ። መልሱን ሁሉም ያውቃል። ጆን ኦማሆኒ ነው፤ የሜዮ ልጅ። በ1989 ሜዮን ራሱን ለፍጻሜ ያበቃ አሠልጣኝ ነው። በ1994 ትንሿን ሊትሪምን የኮናክት ሻምፒዮን አድርጓል፤ ሊትሪም ከ1927 ወዲህ አግኝታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ጎልዌይን ይዞ ሁለት ጊዜ ሳም ማግዋየርን አነሳ። ስለዚህ ጎልዌይ ሜዮን ያሸነፈው በሜዮ ጭንቅላት ነው የሚል ነው ተረቡ። እውነቴን ነው የምለው፣ ይህን የሚመልስ ነገር አጣሁ። ምላሽ 16 ሞከረ፤ ጭንቅላቱ የእናንተ ቢሆን እግሩ የእኛ ነበር፣ ያው ጭንቅላት ከ2007 ጀምሮ ወደ እናንተ ተመልሶ ለምን ዋንጫ አላመጣም ሲል ጻፈ። ኦማሆኒ በጁላይ 2024 አርፏል። ከሁለቱም ወገን ስሙን ያነሳ ሁሉ በአክብሮት ነው ያነሳው። ከምላሽ 11 ጋር አስተያዩት።

ምላሽ 17 ኦማሆኒ የኖረባትን ከተማ ጉዳይ አነሳ። ባላሃደሪን የምትባለው ከተማ በካርታው ላይ ሮስኮመን ውስጥ ናት። በ1898 በወጣ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከሜዮ ተቆርጣ ወደ ሮስኮመን ሄደች። የኳስ ክለቧ ግን እስከ ዛሬ የሚጫወተው በሜዮ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ካርታው ተቀይሯል፣ ማሊያው አልተቀየረም። አንድ የሮስኮመን ሰው ይህን ሲያይ ዝም ማለት አልቻለም። በሕጉ መሠረት ኦማሆኒ የሮስኮመን ነው፣ ስለዚህ የ1998 እና የ2001 ዋንጫ ለእኛ ይመዝገብ ብሎ ገባ። ምላሽ 3 በ2001 ሁለቱንም እንዳሸነፉ መስክሮላቸዋል፤ እሱን ጠቅሶ ነው የመጣው። ጎልዌይም ሜዮም በአንድነት ከክሩ እንዲወጣ ጠየቁት። አልወጣም።

ከዚያ ስለ መንገድ ማውራት ተጀመረ። ከጎልዌይ ወደ ካስልባር በሄድፎርድና በባሊንሮብ የሚወስደው ኤን 84 ይሻላል ወይስ በቹአምና በክሌርሞሪስ ዞሮ የሚሄደው? ይህ ክርክር ሰባት ስምንት ምላሽ በላ። የትራክተር ነገር፣ የመኪና ማቆሚያ ነገር፣ ሳንድዊች ከቤት ይዞ መሄድ ወይስ ከተማ መብላት የሚለው ነገር ተነሳ። አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ የሜዮ ሰዎች ለጎልዌይ ሰዎች የት ማቆም እንደሚሻል በዝርዝር ነገሯቸው። ከምላሽ 11 ጋር የተጣሉት ሰው ሳይቀሩ።

ምላሽ 27 ወደ ተረቡ ተመለሰ። ጎልዌይ ግማሹ ፉትቦል አያውቅም የሚል የሜዮ ነቆራ ነው። ነገሩ መሠረት አለው። የጎልዌይ ምሥራቅና ደቡብ በዱላ የሚጫወቱት የሀርሊንግ አገር ነው፤ ፉትቦሉ ያለው በሰሜንና በምዕራብ ነው። ጎልዌይ ዘጠኝ ዋንጫ የምትሉት ለግማሽ ካውንቲ ነው ሲል ገፋው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ በግማሽ ካውንቲ ዘጠኝ ካነሳን በሙሉ ካውንቲ ሦስት ያነሳ ምን ይባላል? ጎልዌይ በ2017 የሀርሊንግንም ዋንጫ አንስቷል። ይህን ምላሽ በጣም ብዙ ሰው ወዶታል።

ምላሽ 29 ስለ አዲሱ ሕግ ነው። ከ2025 ጀምሮ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትቶ በቋሚዎቹ መሃል ያለፈ ኳስ ሁለት ነጥብ ሆኗል። ጸሐፊው ነፋስ እንደሚወስነው ተነበየ፤ ነፋስ ከኋላው ያለው ቡድን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨዋታውን ሊጨርሰው ይችላል ብሎ ያምናል። የጎልዌይ ሰዎች በሶልትሂል የባሕር ዳር ሜዳቸው ላይ ከነፋስ ጋር እንዳደጉ መለሱ። ያኔ ነው ምላሽ 31 ቢላውን የሳበው።

ይህን ሰው ላደንቀው እወዳለሁ፤ የሜዮ ሰው ነው። የክሩን ባለቤት ሕግ እንዳለ ተቀበለና በራሱ ላይ አዞረው። ሜዮን ሳያሸንፉ ያነሱት ዋንጫ ጎዶሎ ከሆነ የጎልዌይ የ2023 የኮናክት ዋንጫስ? በዚያ ዓመት ሜዮን ከኮናክት ያስወጣው ሮስኮመን ነው፤ ጎልዌይ በፍጻሜ የገጠመው ስላይጎን ነው። ከዚያ ሜዮ በጓሮ በር ዞሮ ሶልትሂል መጣ፤ በዚያው በነፋሱ ሜዳ ጎልዌይን 1-10 ለ 0-12 አሸንፎ ከዓመቱ ውድድር አስወጣው። በአንድ ነጥብ። ስለዚህ ጎልዌይ የ2023ን ዋንጫ ያነሳው በብድር ነበር፣ ሜዮም መጥቶ ዕዳውን ሰብስቧል ነው ነገሩ። ምላሽ 32 የ2024ን ፍጻሜ ይዞ መልስ ሊሰጥ ሞከረ። በዚያኛው ጎልዌይ 0-16 ለ 0-15 አሸንፏል፤ የማሸነፊያዋን ቅጣት ምት የመታው ግብ ጠባቂው ኮነር ግሌሰን ነው። ጥሩ መልስ ነው፣ ግን ስለ 2023 የሚለው ነገር የለም።

እኔም የጠየቅኩት እዚህ ላይ ነው፤ ምላሽ 33። ክርክሩ እንዲህ ሲጋል አይቼ እሁድ ዕለት ደጋፊው ተለይቶ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ተቀላቅሎ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። መልሱን የሰጠችኝ ምላሽ 14 ላይ የጻፈችው ሴት ናት። አይለይም። ቲኬትህ ላይ ባለው ወንበር ትቀመጣለህ፣ ከጎንህ የደረሰህን ትቀበላለህ። እንዲያውም አንድ ቤተሰብ በሁለት ማሊያ መጥቶ አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣል ብላ ምላሽ 6ን ጠቀሰች። አዛውንቱም ጨመሩልኝ። በ1998 ከጎናቸው የነበረው የሜዮ ሰው ሲጨርስ እጃቸውን ጨብጦ ዋንጫውን እንዲያመጡት አዟቸው ነበር። ከኮናክት ይምጣ እንጂ የማንም ይሁን ብሎ።

አንድ ሌላ መጥፎ ነገር ልጥቀስ። በምላሽ 36 አንድ ሰው የአንድ ወጣት የሜዮ ተከላካይን ስም ጠርቶ ሰደበ። ስለ አጨዋወቱ ብቻ አልነበረም። ሦስት ሰው ወዲያው ተነሳበት፣ ሁለቱ የጎልዌይ ናቸው። አንደኛው ልጁ የሚማረው አንድ የሜዮ ተጫዋች በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መሆኑን ጻፈ። ያ ሰው ለዚህ ሳንቲም አይከፈለውም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ በዝናብ ይሠለጥናል፣ ሰኞ ደግሞ የእኔን ልጅ ክፍልፋይ ያስተምራል። ስሙን አትጥሩት አለ። ስድቡ ተሰረዘ።

ከዚያ የኬሪ ሰው መጣ። ምላሽ 39። ኬሪ ማለት በዚህ ጨዋታ ማንም ያልደረሰበት ካውንቲ ነው፤ ያን ጊዜ 38 ዋንጫ ነበረው (በዚያው ዓመት ጁላይ ዶኒጎልን አሸንፎ 39 አድርጎታል)። ሰውየው ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ እንደተዝናና፣ ሁለት ድሆች ስለ አንድ ዳቦ ሲጣሉ እንደማየት እንደሆነበት ጻፈ። የሆነውን ብታዩ። ለሁለት ቀን ሲነካከሱ የቆዩት ሁሉ በአንድ ሌሊት አንድ ወገን ሆኑ። በ1982 ኬሪ አምስተኛ ተከታታይ ዋንጫውን ሊያነሳ ሲል ኦፋሊ መጨረሻ ላይ ባገባው ጎል መቀማቱን ያስታወሰው የጎልዌይ ሰው ነው። በ2011 ኬሪ እየመራ ቆይቶ ደብሊን በመጨረሻዋ ቅጣት ምት እንደወሰደበት የጨመረው የሜዮ ሰው ነው። ምላሽ 11 እና ምላሽ 12 ተራ በተራ ጻፉበት። እርስ በርስ መጎሻሸም የእነሱ መብት ነው፤ ለውጭ ሰው አልተፈቀደም። የኬሪው ሰው መልካም ዕድል ተመኝቶ ወጣ።

እሁድ ጎልዌይ 2-17 ለ 2-15 አሸነፈ። በተከታታይ አራተኛው የኮናክት ዋንጫ ሆነ፤ ሜዮንም አሸንፎ ነው፣ ሙሉ ነው። ከጨዋታው በኋላ የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ 2 ላይ ያመሰገነው የሜዮ ሰው ነበር። እንኳን ደስ አላችሁ አለና ነዳጅ ማደያው ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት እንደሚከፈት ለክሩ ባለቤት አስታወሰው።

በጁን መጨረሻ ክሩ እንደገና ተከፈተ። ሜዮ ከምድቡ ሳያልፍ ቀርቷል። ጎልዌይ ደግሞ በሩብ ፍጻሜ በሚዝ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ወጥቷል፤ በ2001 ጆይስ 10 ነጥብ ባገባበት በዚያው በሚዝ። ምላሽ 31 ላይ የጻፈው የሜዮ ሰው ተመልሶ ጥያቄውን ገለበጠው። ሜዮን ያላሸነፈ ዋንጫ ጎዶሎ ከሆነ፣ ሜዮን አሸንፎ ዋንጫ ያጣ ዓመትስ ምን ይባላል? የክሩ ባለቤት ማሰብ አላስፈለገውም። ጥሩ ዓመት ይባላል ብሎ መለሰ። ሚዝ ሩቅ ነው፣ ከሚዝ ሰው ጋር ነዳጅ አልቀዳም አለ።